ከልኩ ያለፈ ፍጥነት፤ የኮምፒዩተር ድንገተኛ መቆም ታሪክ ከጌጫ ሲታይ

ከቴፒ ተነሥቶ ወደ ጌጫ የሚወጣ መንገደኛ በአንድ ቀን ጉዞ ሁለት ዓይነት አየር ይተነፍሳል። ታች ወበቅ የማይለየው የቡና ምድር ነው፤ ላይ ደግሞ የሸካ ደን ጉም የሚያለብሰው ደጋ። መንገደኛው ቢበርደው ጋቢ ይደርባል። በመኪናው ላይ ተጭኖ የሚጓዘው ኮምፒዩተር ግን የተሠራበትን ልክ ይዞ ከመሄድ በቀር ምርጫ የለውም። በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ቢሽከረከርም ከፕሮሰሰሩ ጠርጎ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። በቆላው ደግሞ አየሩ ወፍራም ቢሆንም ራሱ የሞቀ ነው፤ የቡና ገለባ ብናኝም ተጨምሮበት የማቀዝቀዣውን ክንፎች ይደፍናል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ «ደኅና ነው» ተብሎ የተላከ ማሽን በወረዳ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ከሰዓት በኋላ ሰማያዊ ገጽ አሳይቶ ቀጥ ቢል ሊያስደንቀን አይገባም።

የሚያስደንቀውስ የሚሰጠው ፍርድ ነው። በአገራችን ኮምፒዩተር በወደቀ ቁጥር የሚሰማው ቃል ሁለት ብቻ ነው፤ «ቫይረስ ነው» እና «ፎርማት ይደረግ»። ወረዳዎችን በመረብ ያገናኘው ወረዳኔት ከተዘረጋና የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ በዚህ አካባቢ የመሬት መዝገብ፣ የደመወዝ ሠንጠረዥና የተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚኖረው በእነዚህ ሣጥኖች ውስጥ ነው። ፎርማት ሲደረግ ይህ ሁሉ ይጠፋል። ሕመሙ በሃርድዌሩ ቅንብር ላይ ከሆነ ደግሞ በማግስቱ ተመልሶ ይመጣል፤ መዝገቡ ግን አይመለስም። የዚህን ቅንብር ታሪክ ማወቅ ለሙያው ሰው አስፈላጊ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ፕሮሰሰር የሚሠራው በሰዓት ምት ነው። ከአንዱ ምት እስከ ሌላው ባለችው ቅጽበት በውስጡ ያሉት በርካታ መቀያየሪያዎች ሥራቸውን ጨርሰው መርጋት አለባቸው። ይህን ለማድረግ የሚፈጅባቸው ጊዜ በሚደርሳቸው ቮልቴጅና በሚሰማቸው ሙቀት ይወሰናል። አምራቹ ይህን ሁሉ ለክቶ፣ ጥቂት ትርፍ ልክ ትቶ፣ «በዚህ ፍጥነት ይሠራል» ብሎ ይፈርማል። ምቱ ከዚያ በላይ ሲፋጠን ማሽኑ ወዲያው አይቆምም። ከሁሉ የከፋው ጠባዩም ይኸው ነው፤ መጀመሪያ ይዋሻል። ሁለትና ሁለትን ደምሮ አራት ያልሆነ ነገር በሚሞሪው ላይ ያስቀምጣል፤ የሚወድቀው ከደቂቃዎች በኋላ፣ ያን ሐሰት አምኖ የተነሣ ሌላ ፕሮግራም ሲሰናከል ነው። ጥፋተኛ የሚባለውም ያ ምስኪን ፕሮግራም ነው።

ይህ ፈተና አዲስ አይደለም። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1984 (በእኛ 1976 ዓ.ም.) ያወጣው ኤቲ የተባለው ኮምፒዩተር በ6 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ሲሆን፣ ባለቤቶቹ ምቱን የምትሰጠውን ክሪስታል ነቅለው ፈጣኗን በመትከል ያለ ብዙ ወጪ ወደ 8 አሳደጉት። ኩባንያው በኋላ በወጡት ማሽኖች ባዮስ ውስጥ ይህን የሚከለክል ፍተሻ አስገባ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ ነገሩ ከጨዋታ ወደ ማጭበርበር ተሸጋገረ፤ በፕሮሰሰሩ ላይ የታተመውን ቁጥር ፍቀው ከፍ ያለ ቁጥር በመጻፍ የሚሸጡ ነጋዴዎች ተነሡ። ገዢው የተቀበለው ከልኩ በላይ የሚነዳ ዕቃ መሆኑን የሚያውቀው ሲወድቅ ነበር፤ አንዳንዱም ከቶ አላወቀም። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ሴሌሮን 300ኤ ለ300 ሜጋኸርዝ ተሠርቶ በብዙዎች እጅ 450 ሲሮጥ በመታየቱ፣ ፍጥነትን በነጻ ማግኘት ይቻላል የሚለው እምነት በወጣቶች ዘንድ ሥር ሰደደ።

ያው እምነት አምራቹን ራሱን የነካበት ዘመን ግን ሩቅ አልነበረም። ኢንቴል ከተወዳዳሪው ጋር በሚሽቀዳደምበት ወቅት ሐምሌ 24 ቀን 1992 ዓ.ም. 1.13 ጊጋኸርዝ የሚሮጥ ፔንቲየም 3 አወጣ። ቶም ፓብስትና ካይል ቤኔት የተባሉ መርማሪዎች ማሽኑ እንደማይረጋ አስታወቁ፤ የሊኑክስን ከርነል ማጠናቀር እንኳ ያቅተው ነበር። ከአንድ ወር በኋላ ነሐሴ 22 ቀን ኩባንያው ዕቃውን ከገበያ ሰበሰበ። በእኔ ግምት ይህ ታሪክ በየሙያ ትምህርት ቤቱ ሊነገር የሚገባው ነው። ዓለም ያመነው አምራች ልኩን ሊስት ከቻለ፣ በየሱቁ የሚገጣጥመው ባለሙያ አይስትም ማለት አይቻልምና።

የማይክሮሶፍቱ ሬይመንድ ቼን እ.ኤ.አ. በ2005 እንደጻፈው፣ ከተጠቃሚዎች የሚደርሱት የብልሽት ሪፖርቶች አንዳንዶቹ ከቶ ሊሆኑ የማይችሉ ነበሩ፤ ሊሳሳት የማይችል ቀላል ትእዛዝ ላይ የወደቁ ማሽኖች። ባለቤቶቹ ሲጠየቁ ብዙዎቹ ኮምፒዩተራቸው ከልኩ በላይ የተነዳ ሆኖ ተገኘ፤ ከእነዚህም ውስጥ ሻጩ ሳይነግራቸው እንዲያ አድርጎ የሸጠላቸው ነበሩ። ከ6 ዓመት በኋላ የዚያው ኩባንያ ተመራማሪዎች ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ የግል ኮምፒዩተሮችን መዝገብ መርምረው ነገሩን በቁጥር አረጋገጡ። አንድ ጊዜ በሃርድዌር ጉድለት የወደቀ ማሽን ዳግመኛ የመውደቅ ዕድሉ እስከ መቶ እጥፍ ሊደርስ እንደሚችልም አመለከቱ። ስለዚህ «አንድ ጊዜ ነው፤ ያልፋል» የሚባለው ማጽናኛ በብዙ ማሽኖች መዝገብ ፊት የሚቆም አልሆነም።

ወደ ዘመናችን ስንቀርብ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች በብዛት መሰናከል ጀመሩ። ማሽኖቹ በጨዋታ መካከል «የቪዲዮ ሚሞሪ አልቋል» እያሉ ይወድቁ ስለነበር ብዙ ሰው ጥፋቱን በግራፊክስ ካርዱ ላይ ጣለ። መጀመሪያ የማዘርቦርድ አምራቾች ከፋብሪካ ሲወጣ የሰጡት ልቅ ቅንብር ተጠረጠረ፤ በኋላ ኢንቴል ፕሮሰሰሩ ራሱ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እንደሚጠይቅ አምኖ ማስተካከያ አወጣ፤ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። በተጎዳው ዕቃ ላይ ግን ማስተካከያው የደረሰውን ጉዳት አይመልስም።

እንግዲህ ጌጫ ላይ ያለ የጥገና ሰው ከዚህ ምን ይወስዳል? የመጀመሪያው ነገር የውድቀቱን ጠባይ መመልከት ነው። የፕሮግራም ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሥራ ላይ፣ በአንድ መልእክት ይመለሳል። የቅንብር ሕመም ቦታ አይመርጥም፤ ጧት በደብዳቤ፣ ቀትር ላይ በሠንጠረዥ፣ ማታ ማንም ሳይነካው፣ በየጊዜውም በተለያየ ኮድ ይወድቃል። ይህን ሲያይ ከፎርማት በፊት ሰነዱን ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጥ፤ ከዚያም ባዮስ ገብቶ ሁሉንም ወደ ፋብሪካው ልክ ይመልስ። የራም ፍጥነት የሚያሳድገው ኤክስኤምፒ የተባለው ምርጫ በርቶ ከሆነ ያጥፋው፤ ብዙዎች እንደ መደበኛ ቢቆጥሩትም ሚሞሪውን ፕሮሰሰሩ ከተፈረመለት ልክ በላይ የሚያሠራ ነውና። ቀጥሎ ራሞቹን አንድ በአንድ እየነቀለ ይሞክር፤ ክሪስ ብራዲ እ.ኤ.አ. በ1994 የጀመረውን ሜምቴስት ሌሊቱን ሙሉ ያስኬድ። ፕሮሰሰሩን ለመፈተን ደግሞ ፕራይም95 አለ፤ ጆርጅ ዎልትማን የዋና ቁጥሮች ፍለጋ ሲያደርግበት የጻፈው ነው። ማሽኑ ሒሳብ ሲሳሳት ፕሮግራሙ ራሱ ስለሚያውቅበት የጥገና ሰዎች ለራሳቸው ወሰዱት።

ሌሊቱን ሙሉ ማለት በዚህ አገር ቀላል አይደለም፤ መብራት ይቋረጣል። የቮልቴጅ መውረድ ከቅንብር ሕመም ጋር ፍጹም የሚመሳሰል ምልክት ስለሚያሳይ፣ ፈተናው በዩፒኤስ ወይም በስታብላይዘር ካልተደገፈ ውጤቱ አይታመንም። ደግሞም አንድ ተንኮለኛ ነገር አለ። በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ባትሪ ስትሞት መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ልቅ ቅንብሩም ከሷ ጋር ይጠፋና ማሽኑ በፋብሪካው ልክ በሰላም ይሠራል። ባለሙያው ባትሪውን ቀይሮ፣ ቀኑን አስተካክሎ፣ የቀድሞውን ቅንብር መልሶ ሲያስገባ ያ ሰላም ያበቃል። ባለቤቱም «አዲሱ ባትሪ አበላሸብኝ» ይላል፤ ከነገሩ አጀማመር አንጻር ሐሰተኛ ነው ማለት ያስቸግራል።

ከላይ የተጠቀሰው የ2011 ጥናት አንድ ሌላ ነገርም አሳይቷል፤ ከተፈረመላቸው ልክ በታች እንዲሠሩ የተደረጉ ኮምፒዩተሮች በመደበኛው ልክ ከሚሠሩት እንኳ ያነሰ ይወድቁ ነበር። በሳሳ አየርና በሚዋዥቅ መብራት መካከል ለሚኖር የወረዳ ማሽን ፍጥነቱን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጎ መተው ይቻላል፤ ደብዳቤ የሚጽፈው ጸሐፊ ልዩነቱን አያስተውለውም።