ከሎሕ እስከ ፕላዝማ፦ የትምህርት መርጃ መሣሪያ ታሪክ በአውበሬና በአካባቢዋ

አውበሬ ከጅግጅጋ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ከቦራማ ምድር በሚያዋስነው ድንበር አጠገብ የምትገኝ ከተማ ናት። ስሟ የተወሰደው መቃብራቸው በዚያው ከሚገኝ ሼኽ ነው፤ «አው» የሚለው ቃል በሶማልኛ ለሃይማኖት ሰው የሚሰጥ የክብር መጠሪያ ነውና። በመንግሥት መዝገብ ደግሞ ለብዙ ዘመን ተፈሪ በር ተብላ ስትጠራ ኖራለች። የዚህች ከተማና የአካባቢዋ ሕዝብ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ አራት ዓይነት ጽሕፈት አይቷል፤ ከእንጨት ሰሌዳ ተነሥቶም በሬዲዮ፣ በካሴትና በሳተላይት አልፎ እጅ ላይ እስከሚያዝ ስልክ ደርሷል። ስለ ትምህርት መርጃ መሣሪያ ሲጻፍ ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው መሣሪያው ከውጭ በመጣበት ቀን ነው። በአውበሬ በኩል ግን ከዚያ አስቀድሞ የነበረውን ካልመረመሩ በኋላ የመጣው ለምን እንደተሳካ ወይም ለምን እንዳልተሳካ ለመረዳት አይቻልም።

ሎሕ

ሎሕ ከእንጨት የተጠረበ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ነው። ቀለሙ ከሰል ተልሞ ከወተት ወይም ከሙጫ ጋር እየተዋሐደ ይዘጋጃል፤ ብዕሩ ከመቃ ወይም ከቀጭን እንጨት ይቀረጻል። ዱግሲ በሚባለው የቁርኣን ትምህርት ቤት መዐልሙ ለእያንዳንዱ ልጅ የዕለት ድርሻውን በሎሑ ላይ ያስጽፈዋል። ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ እያነበበ ያጠናል፤ በቃሉ መያዙን ሲያምን በመዐልሙ ፊት ቀርቦ ይወጣዋል፤ ሲፈቀድለትም ሰሌዳውን በንጹሕ ሥፍራ አጥቦ ለሚቀጥለው ድርሻ ያዘጋጃል። ያልያዘ ልጅ ሎሑን አያጥብም።

ከዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው ነገር አለ። በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ሠላሳ ልጆች ተቀምጠው ቢገኙ ሠላሳውም በየራሳቸው ድርሻ ላይ ናቸው። አንዱ ፊደል ይቆጥራል፤ ሌላው ግማሹን መጽሐፍ አልፎ ሄዷል፤ ከፍ ያለ ደረጃ የደረሰው ደግሞ ታናሹን ያስቆጥራል። ለውጭ ሰው ጫጫታ የሚመስለው ድምፅ ለመዐልሙ የሠላሳ ልጆች መዝገብ ነው፤ የተሳሳተውን ከመካከል ለይቶ ይሰማል። ፊደልና አቡጊዳ ቆጥሮ፣ ግዕዝ፣ ውርድና ቁም ንባብ ዘልቆ ዳዊት የደገመ የቤተ ክህነት ተማሪ ይህን አሠራር ሲያይ እንግዳ አይሆንበትም፤ በዚያም ቢሆን ልጁ የሚሻገረው የያዘውን ካስመሰከረ በኋላ ነው። በተጨማሪም ሎሕ ግመል ላይ ተጭኖ ስለሚሄድ፣ ውኃና ግጦሽ ተከትሎ የሚጓዘው ቤተ ሰብ በተንቀሳቀሰ ጊዜ ትምህርት ቤቱ አብሮ ይንቀሳቀሳል።

እርግጥ ነው፣ ዱግሲውን ከነጉድለቱ ማየት ይገባል። ትርጉሙ ሳይገባ በቃል መያዝ ይበዛበት ነበር፤ አለንጋም አልጠፋበትም፤ ሴቶች ልጆች ቶሎ ይቋረጡ ነበር። ሆኖም አናባቢን የሚያስተምርበት ዘዴ ብቻውን ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጅ ትልቅ ምሳሌ ነው። የዐረብኛ አናባቢ ምልክቶች ለሶማሌ ሕፃን እንግዳ ስለሆኑ ለእነርሱ የሶማልኛ ስም ወጣላቸው፤ ከፊደሉ በላይ የሚሰመረው ኮርዳበይ፣ ከሥሩ የሚሰመረው ሆስዳበይ፣ ሦስተኛው ደግሞ ጎደይ ተባለ። ልጁ ስሙን በዜማ ሲጠራ የምልክቱን ሥፍራ አብሮ ያውቃል። የሶማሌ ትውፊት ይህን ዘዴ አው በርኸድሌ በሚል ስም ለሚታወቁትና መቃብራቸው በሐርጌሳ አቅራቢያ ለሚገኘው ለሼኽ ዩሱፍ አል ከውነይን ይሰጣል። የአፍ መፍቻ ቋንቋን ለሌላ ቋንቋ መሸጋገሪያ ማድረግ በዘመናችን የተገኘ አስተሳሰብ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ ኮርዳበይን ቢሰማ መልካም ነው።

በ1933 እ.ኤ.አ. ገደማ የቦራማው ሼኽ ዐብዱራሕማን ሼኽ ኑር ሶማልኛ የሚጻፍበት አዲስ ፊደል ቀረጹ። የቦራማ ወይም የገዳቡርሲ ፊደል የሚባለው ይኸው ነው፤ እንግሊዛዊው የኅብረተሰብ ተመራማሪ ሉዊስ በ1958 እ.ኤ.አ. በጻፉት ጽሑፍ ለውጭው ዓለም አስተዋውቀውታል። ፊደሉ ለደብዳቤና ለግጥም መጻፊያ ቢያገለግልም ከጥቂቶች ክበብ አልወጣም። የሚያስተምረው መምህር፣ የሚያትመው ማተሚያ ቤት አልነበረውምና።

ድምፅ በአየር ላይ

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ በ1943 እ.ኤ.አ.፣ በሐርጌሳ አንድ አነስተኛ የሬዲዮ ጣቢያ ተከፈተ። በ1957 እ.ኤ.አ. የቢቢሲ የሶማልኛ ክፍል ሥራውን ጀመረ፤ የኢትዮጵያ ሬዲዮም በሶማልኛ የሚያሰማው ፕሮግራም ነበረው። ባትሪ የሚጎርሰው ትንሽ ሬዲዮ በተስፋፋ ጊዜ አርብቶ አደሩ ዜና ለመስማት ከተማ መውረድ አላስፈለገውም። ሬዲዮው ከተዘጋ በኋላ የሚደረገው ጭውውት ከሬዲዮው የበለጠ ረዘም ይል ነበር፤ የሰማው ላልሰማው ይነግራል፤ ያልተስማማው ይከራከራል። በትምህርት ቋንቋ ቢነገር፣ ሻይ ቤቱ ከስርጭት በኋላ የሚደረገውን ውይይት ማንም ሳያዘው ያካሂድ ነበር።

ካሴት በመጣ ጊዜ ደግሞ ሬዲዮ ያልሰጠው አንድ ነገር ተጨመረ፤ ድምፅን ማቆምና መመለስ ተቻለ። በ1979 እ.ኤ.አ. ባለቅኔው ሙሐመድ ሐሺ ዳማዕ «ጋሪዬ» ዴለይ ተብሎ የሚታወቀውን የግጥም ሰንሰለት ሲከፍት፣ ሌሎች ባለቅኔዎች እየተቀባበሉ የመለሱት ቃል በአያሌው የተሰራጨው በካሴት እየተቀዳ ነበር። አድማጩ ያልገባውን ስንኝ ወደኋላ መልሶ ይሰማል፤ በቃሉ ሲይዝ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ይህ በሎሕ ሲማር ያደገበት አካሄድ ነው። የትምህርት ባለሙያዎች ካሴትን በዚህ አካባቢ ለመደበኛ ትምህርት በሚገባ ሳይጠቀሙበት ዘመኑ ማለፉ የሚያስቆጭ ነው።

በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች በቴሌቪዥን የሚሰጥ ትምህርት የተጀመረው በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በተቋቋመ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ነው። ለአውበሬ ይህ ሩቅ ነበር። በአገር አቀፍ ደረጃ ለገጠሩ የደረሰው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የታወጀው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው በሂደት በ15 ቋንቋዎች ተካሂዷል፤ ሶማልኛም ከእነዚህ አንዱ ሲሆን የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር። ሶማልኛ «ሀ»ን ከ«ሐ»፣ «አ»ን ከ«ዐ» በድምፅ ይለያል፤ አናባቢንም እንደ ርዝመቱ ይለያል። የግዕዝ ፊደል የፊተኞቹን ልዩነት በቅርጽ ቢይዝም አማርኛ ተናጋሪው አስተማሪ ሁሉንም ባንድ ድምፅ ያነባቸዋል፤ የአናባቢውን ርዝመት ግን ፊደሉ ራሱ አያሳይም። ከዚህም በላይ ከድንበሩ ማዶ ከጥቅምት 1965 ዓ.ም. ጀምሮ ሶማልኛ በላቲን ፊደል ይጻፍ ነበር። ስለሆነም በአውበሬ ማንበብ የተማረ ጎልማሳ ቦራማ ያለ ዘመዱ የጻፈለትን ደብዳቤ ለማንበብ አልቻለም።

ይህ ጉዳይ በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ዘመን መፍትሔ አገኘ፤ በክልሉ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በሶማልኛ፣ በላቲን ፊደል መሰጠት ጀመረ። በዚያው ዘመን አካባቢው ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከጦርነት የሸሹ በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎችን አስተናግዷል፤ በሐርትሼክ፣ ቆየት ብሎም በተፈሪ በርና በሌሎች ሥፍራዎች መጠለያዎች ተከፍተዋል። የቀድሞዎቹ ስደተኞች ከተመለሱ በኋላ በ1999 ዓ.ም. ከደቡብና ከመካከለኛው ሶማሊያ ለሸሹ ሰዎች የአውበሬ መጠለያ ሲከፈት፣ ልጆቹ የተማሩት በኢትዮጵያ ሥርዓተ ትምህርት ነበር። ባንድ ክፍል የሰባትና የአሥራ አምስት ዓመት ልጆች ጎን ለጎን በሚቀመጡበት ሥፍራ ለሁሉም ባንድ ፍጥነት ማስተማር ከባድ መሆኑን ያላየ መምህር የለም።

ፕላዝማ

በ1997 ዓ.ም. መንግሥት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትን በሳተላይት ማሰራጨት ጀመረ። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ዋና ዋና የትምህርት ዓይነቶች በደቡብ አፍሪካ ተቀርጸው በእንግሊዝኛ ይተላለፉ ነበር፤ ክፍሎችም ትልልቅ የፕላዝማ መስኮቶች ተገጠሙላቸው። ሐሳቡ ሊናቅ የሚገባው አልነበረም። ቤተ ሙከራ በሌለው ትምህርት ቤት አሲድና ቤዝ ሲዋሐዱ ማየት፣ የሕዋስን ክፍፍል በሥዕል መከታተል ቀላል ነገር አይደለም። ልዩ ሥልጠና ያለው መምህር ወደ ድንበር ከተማ ለመሄድ በማይፈልግበት ዘመን፣ የአዲስ አበባውና የጠረፉ ልጅ አንድ ትምህርት ባንድ ቀን እንዲያገኙ መታሰቡ ለፍትሕ ሲባል የተደረገ ነው።

ችግሩ የተፈጠረው ከሰዓቱ ላይ ነው። ከአንድ ክፍለ ጊዜ አብዛኛውን የሚወስደው መስኮቱ ሲሆን፣ ለመምህሩ የሚተርፉት በመግቢያና በመዝጊያ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ። ስርጭቱ ለመላ አገሪቱ ባንድ ጊዜ ስለሚተላለፍ መምህሩ ሊያቆመውም ሊመልሰውም አይችልም። ጥያቄ ይቀርባል፤ ተማሪው ጥያቄውን ጽፎ ሳይጨርስ መልሱ ይመጣል። መብራት ከጠፋ የዚያ ቀን ትምህርት አለፈ ማለት ነው። ሎሕ ያልያዘን ልጅ አያሳልፍም ነበር፤ ፕላዝማ ግን የያዘውንም ያልያዘውንም እኩል ትቶ ያልፋል።

በሶማሌ ክልል ደግሞ በዚህ ላይ የቋንቋው ጉዳይ ይታከላል። ልጁ እስከ 8ኛ ክፍል በሶማልኛ ተምሯል። በ2006 እ.ኤ.አ. ለትምህርት ሚኒስቴር የተዘጋጀው የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናት ለስምንት ዓመት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ተማሪዎች በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል፤ ስለዚህ መሠረቱ ደካማ ነበር ለማለት አይቻልም። ግን በሶማልኛ ጽሕፈት «ሲ» የተባለችው የላቲን ፊደል «ዐ»ን፣ «ኤክስ» ደግሞ «ሐ»ን ይወክላሉ። በአንደኛ ደረጃ እንግሊዝኛን ቀስ ብሎ ያልተለማመደ ተማሪ 9ኛ ክፍል ሲገባ በሚያውቃቸው ፊደሎች የተጻፈ የማያውቀው ቃል፣ ሰምቶት በማያውቀው አነጋገር ፈጥኖ ይመጣበታል። ኮርዳበይን የመሰለ መሸጋገሪያ አልተዘጋጀለትም።

ታዲያ መምህራኑ ምን አደረጉ? በብዙ የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች እንደታየው፣ ለመዝጊያ በተሰጣቸው ደቂቃዎች፣ አንዳንዴም ድምፁን ቀንሰው በስርጭቱ መካከል፣ ተማሪው በሚሰማው ቋንቋ ያስረዱ ነበር። ይህ በጊዜው ከመመሪያ እንደ መውጣት ይቆጠር ነበር። በእርግጥ ግን መሣሪያውን ለትምህርት ያዋለው ይኸው ተግባር ነው፤ በሻይ ቤት ሬዲዮው ከተዘጋ በኋላ ከሚደረገው ጭውውት ጋር ቤተ ሰብ ነው።

ከወረርሽኙ ወዲህ

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርት እንደገና ወደ ሬዲዮና ወደ ቴሌቪዥን ተመለሰ። መብራትና ቴሌቪዥን ያለው የከተማ ልጅ ሲከታተል ከከብት ጋር የወጣው ልጅ ባትሪ ላለቀበት ሬዲዮ ተተወ። ያመለጠው ትምህርት ተመልሶ አይመጣም፤ የፕላዝማው ችግር በሌላ መልክ መጣ ማለት ነው። በዚያ ወቅት ዱግሲ የለመደ ቤተ ሰብ ታላቁን ልጅ ለታናሹ አስተማሪ ለማድረግ አዲስ ዘዴ መማር አላስፈለገውም፤ የሚያስቆጥርበት መጽሐፍ ግን ከእጁ መኖር ነበረበት።

አሁን መሣሪያው ተለውጧል። በስልክ የተቀመጠ ትምህርት እንደ ካሴት ይቆማል፣ ይመለሳል፤ አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ የኢንተርኔት መስመር ሳይጠይቅ ከእጅ ወደ እጅ በሚሞሪ ይተላለፋል። የአርባ ደቂቃ ስርጭት ተቆራርጦ በአምስት በአምስት ደቂቃ ቢዘጋጅ፣ ማብራሪያው በሶማልኛ ሆኖ ቃላቱ በእንግሊዝኛ ቢቀርቡ፣ አንድ መምህር ክፍሉን በሦስት ቡድን ከፍሎ አንዱን በስልኩ፣ ሌላውን በመጽሐፉ፣ ሦስተኛውን ከራሱ ጋር ሊያሠራ ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ወጪ ከትልልቆቹ መስኮቶች ጋር አይወዳደርም። አስቸጋሪው ነገር በሶማልኛ የሚያዘጋጅ ባለሙያ መመደብ ነው፤ በዕቅድ ሰነድ ውስጥ የመሣሪያ ግዢ የራሱ መስመር ሲኖረው የዝግጅት ሥራ ብዙ ጊዜ አይኖረውም።

ጉዳዩ ለነገ የሚቀጠር አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወረቀት ጎን ለመጀመሪያ ጊዜ በኮምፒዩተር መስመር ተሰጥቷል። ኮምፒዩተርን ፊት ለፊት የሚያገኘው በፈተናው ቀን የሆነ ተማሪ የሚፈተነው በፊዚክስ ብቻ አይሆንም።

በአውበሬ ምድር ልጆች በትምህርት ቤት ከግራ ወደ ቀኝ በላቲን ፊደል ሶማልኛ ይጽፋሉ፤ በዱግሲ ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ ዐረብኛ። ሎሑ የሚታጠበው ዛሬም ልጁ ከያዘ በኋላ ነው።