ቀጥተኛ ልቀት

ኩባንያ ራሱ ከያዘው ወይም ከሚቆጣጠረው ምንጭ የሚወጣ የሙቀት አማቂ ጋዝ «ቀጥተኛ ልቀት» ይባላል። የምድጃው፣ የጄኔሬተሩና የመኪናው ጭስ እዚህ ይገባል፤ የተገዛ ኤሌክትሪክ ግን አይገባም። ነገሩ ጭስ ብቻም አይደለም። ከማቀዝቀዣ ሾልኮ የሚያመልጠው ጋዝ ይቆጠራል፤ በሲሚንቶ ፋብሪካም ከነዳጁ ይልቅ ብዙውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለቀው በእሳት የሚፈርሰው የኖራ ድንጋይ ነው።

የግሪንሃውስ ጋዝ ፕሮቶኮል የኩባንያዎች መመሪያ ልቀቱ በየጋዙ ተለይቶ በቶን እንዲጻፍ ይጠይቃል። ጋዞቹ ስድስት ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ናይትሮጅን ትራይፍሎራይድ ታክሎ 7 ሆኑ።

መለየቱ ለምን? «የካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ» የሚባለው ድምር በማባዣ የሚገኝ ቁጥር ስለሆነ ነው። የአየር ንብረት ለውጥ የበይነ መንግሥታት ፓነል በአምስተኛ ሪፖርቱ ለሚቴን 28 ሰጥቶ ነበር፤ በስድስተኛው ከቅሪተ አካል ነዳጅ ለሚወጣው 29.8 አደረገው። አንድ ኪሎ እንኳ ሳይጨመር ድምሩ ያድጋል ማለት ነው! ዝርዝሩን የደበቀ ሪፖርት እኔን አያሳምነኝም። በተለይ የሰልፈር ሄክሳፍሎራይድን መስመር ፈልጉ፤ በኤሌክትሪክ ማከፋፈያ መሣሪያ ውስጥ የሚታሸገው ይህ ጋዝ አንድ ኪሎው ከ23 ሺህ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በላይ ያሞቃል። ከማገዶ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ከድምሩ ውጭ ለብቻው ይጻፋል።