የኮምፒዩተር በሮችና በረኞቻቸው

የጎንደሩ የፋሲል ግቢ ቅጥር 12 በሮች አሉት፤ ማን በየትኛው እንደገባ የሚያውቀው ግን በረኛው ነበር። ኮምፒዩተርም ፕሮግራሙ ከቁልፍ ሰሌዳ፣ ከሰዓትና ከዲስክ ጋር የሚነጋገርባቸው፣ በቁጥር የሚጠሩ በሮች አሉት። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ኢንቴል 8086 65,536 በሮችን መለየት ቢችልም በረኛ አልነበረውም። በኋላም ማሽኑ ሲነሣ ጸጥ ካለ፣ መሐንዲሱ ወደ 128 ቁጥር በር የተላከችውን ኮድ በልዩ ካርድ ላይ አንብቦ ይገምት ነበር። ከጥንቆላ ብዙም የማይርቅ ሥራ ነው።

በረኛው የተፈጠረው ለሌላ ጉዳይ ነው። የአይ.ቢ.ኤም. የኬምብሪጅ ማእከል መሐንዲሶች በ1967 ሥራ ላይ ባዋሉት ሲፒ-40 አንዱን ኮምፒዩተር ለብዙ ሰዎች አካፈሉ፤ እያንዳንዱ ሰው የግሉ የሚመስለው ምናባዊ ማሽን ነበረው። አንዱ የሌላውን እንዳይነካ፣ መሣሪያን የሚያዝ ትእዛዝ ሁሉ እየተያዘ በተቆጣጣሪው ፕሮግራም በኩል ይፈጸም ጀመር። በ1985 የቀረበው ኢንቴል 80386 ደግሞ ለእያንዳንዱ በር አንዲት ቢት መደበ፤ ሠንጠረዡ በጠቅላላው 8,192 ባይት ነው። ቢቷ 1 ከሆነች ፕሮግራሙ በሩ ላይ ይያዛል። ኢንቴል ከ2005 ጀምሮ ለምናባዊ ማሽኖች ያወጣው ድጋፍም ተመሳሳይ ሠንጠረዥ አለው።

የተያዘ ሁሉ ሊመዘገብ ይችላል። በ2007 ከሊኑክስ ጋር የተዋሐደው ኬ.ቪ.ኤም. ዛሬ የበሩን ቁጥር፣ ንባብ ወይም ጽሕፈት መሆኑንና የባይቱን መጠን ይጽፋል፤ ስሕተት ፈላጊውም መዝገቡን ተከትሎ ፕሮግራሙ የቆመበትን በር ያገኛል። ሆኖም በየበሩ መያዝ ጊዜ ይወስዳል። ስሕተቱ ከጊዜ መዛባት የመጣ እንደሆነ፣ መዝገቡ ሲከፈት ሊሰወር፣ ሲዘጋም ሊመለስ ይችላል።