ቆሞ ከሚኖረው ይልቅ ተቃጥሎ የሚያዋጣው ቤት

ኦክቶበር 12 ቀን 1977 ምሽት (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኒውዮርክ ያንኪ ስታዲየም የአሜሪካ ቤዝቦል የዋንጫ ጨዋታ ይካሄድ ነበር። የቴሌቪዥን ካሜራው ከሄሊኮፕተር ሆኖ ከስታዲየሙ ባሻገር ያለውን ሰፈር ሲያሳይ አንድ ሕንፃ በእሳት ተውጦ ታየ። የስፖርት ዘጋቢው ሃዋርድ ኮሴል «ክቡራትና ክቡራን፣ ብሮንክስ እየተቃጠለች ነው» አለ እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራል። የስርጭቱ ቅጂ ሲመረመር ግን እንዲህ ያለ ነገር አልተናገረም። ንግግሩ ፈጠራ ነው፤ እሳቱ ግን እውነት ነበር፤ ያውም በዚያ ምሽት የተጀመረ አልነበረም። ሳውዝ ብሮንክስ ከአሥርት ዓመቱ መጀመሪያ አንስቶ ስትነድ ቆይታለች።

ማን አቃጠላት? የዘመኑ ፈጣን መልስ «ነዋሪዎቿ» የሚል ነበር። የፕሬዚዳንት ኒክሰን አማካሪ ዳንኤል ፓትሪክ ሞይኒሃን በ1970 በጻፉት ማስታወሻ፣ በድሃ ጥቁሮች ሰፈር የሚነሳውን ቃጠሎ የማኅበራዊ ሕመም ምልክት አድርገው አቅርበውታል። እርግጥ ነው፣ አንዳንድ ተከራዮችም ለኩሰዋል። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው የመንግሥት ቤት ለማግኘት በወረፋ ቅድሚያ ይሰጠው ነበርና። ግን ትልቁ ገንዘብ ተከራዩ ኪስ አልገባም። ትልቁን ገንዘብ ለማግኘት የመድን ውል ያስፈልግ ነበር፤ ውሉ ደግሞ በባለ ሕንፃው እጅ ነው።

ነገሩ ከሩቅ ይጀምራል። በ1930ዎቹ የፌዴራል መንግሥቱ የቤት ብድር ተቋም የከተሞችን ካርታ በቀለም ከፋፍሎ፣ «አደገኛ» ያላቸውን ሰፈሮች ቀይ ቀባቸው። ጥቁሮች የሚኖሩባቸው ሰፈሮች ከዚህ ቀለም አላመለጡም። የመድን ድርጅቶችም በራሳቸው መንገድ ተመሳሳይ ሥራ ሠሩ። በ1967 በኒውአርክ 26፣ በዲትሮይት 43 ሰዎች የሞቱበት አመፅ ሲፈነዳ፣ ከእነዚህ ሰፈሮች የቀሩት መድን ሰጪዎች በጅምላ ሸሹ። በፕሬዚዳንት ጆንሰን የተሰየመውና በኒው ጀርሲው ገዥ ሪቻርድ ሂዩዝ የተመራው ቡድን በ1968 መጀመሪያ ያቀረበው ሪፖርት ችግሩን በትክክል አስቀምጦታል። መድን የሌለው ቤት ብድር አያገኝም፣ ብድር የሌለው ቤት አይታደስም፣ የማይታደስ ሰፈር ደግሞ ይሞታል።

ኮንግረሱ በዚያው ዓመት ሕግ አወጣ። «ፌር ፕላን» የተባለው ሥርዓት የተወለደው ከዚያ ነው። በየግዛቱ ያሉ የመድን ድርጅቶች የጋራ ቋት ይመሠርታሉ፤ ገበያው የገፋውን ቤት ሰፈሩን ብቻ አይቶ አለመድን አይቻልም። በልዋጩ የፌዴራል መንግሥቱ በአመፅ ለሚደርስ ኪሳራ ለድርጅቶቹ ጠለፋ ዋስትና ይሰጣል።

ሐሳቡ ቅን ነበር። ጉድለቱ ግን ከውስጡ ነው የመጣው። ከጋራ ቋት የሚወጣ ካሳ ለሁሉም ድርጅቶች ስለሚከፋፈል፣ አንዱ ድርጅት ብቻውን ወጪ አውጥቶ አጠራጣሪ ቃጠሎ የሚመረምርበት ምክንያት አልነበረውም። ከባለ ሕንፃ ጋር ፍርድ ቤት ከመካሰስ ከፍሎ መገላገል ይቀላል። ሕንፃው ገበያ ላይ ከሚያወጣው ዋጋ በላይ ሲመደንም ብዙ የሚጠይቅ አልተገኘም።

ከዚህ በኋላ ያለው ተራ ሒሳብ ነው። እንበል፣ አንድ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ቢሸጥ 20 ሺህ ዶላር አያወጣም። ግብሩ ለዓመታት ተወዝፏል፣ ማሞቂያው ተበላሽቷል፣ ተከራዮቹ በብርድ እየተማረሩ ነው። ባለቤቱ ለወዳጁ በ60 ሺህ «ይሸጠዋል»፣ ወዳጁ መልሶ በ100 ሺህ «ይሸጥለታል»። ገንዘብ እጅ አልቀየረም፤ ወረቀቱ ላይ ግን ሕንፃው የ100 ሺህ ዶላር ንብረት ሆኗል፤ የሚመደነውም በዚያ ልክ ነው። የቀረው ለሰፈር ጎረምሳ ጥቂት ዶላርና አንድ ጣሳ ቤንዚን መስጠት ብቻ ነው። እሳቱ ሲለኮስ ውስጡ ሰው የሚገኝበት ጊዜ ነበር። ጫማቸውን ሳያወልቁ የሚተኙ፣ ሻንጣቸውን ከበር አጠገብ የሚያኖሩ ቤተሰቦች ነበሩ። ገንዘብ የቸገረው የከተማው አስተዳደር ደግሞ በዚህ ሁሉ መሐል የእሳት አደጋ ጣቢያዎችን ይዘጋ ነበር፤ ከተዘጉትም ብዙዎቹ ከሁሉ ይልቅ እሳት በሚበዛባቸው ሰፈሮች የነበሩ ናቸው።

ውጤቱ በሕዝብ ቆጠራ ይታያል። ከ1970 እስከ 1980 ባለው ጊዜ በብሮንክስ ሰባት የቆጠራ ቀጣናዎች ከ97 በመቶ በላይ ሕንፃዎቻቸውን በቃጠሎና ባለቤት በመጥፋቱ አጡ። ፕሬዚዳንት ካርተር ከዚያ የቤዝቦል ጨዋታ አንድ ሳምንት ቀደም ብለው ሻርሎት ጎዳና ላይ ፍርስራሽ መካከል ቆመው የተነሱት ፎቶ ዓለምን ዞሯል።

«ነዋሪው ነው ያቃጠለው» የሚለውን ወሬ በማስረጃ ያፈረሰው ግን ፕሬዚዳንት አይደለም፤ ብሮንክስም ውስጥ አልሆነም። የቦስተኑ ሲምፎኒ መንገድ ነዋሪዎች ሰፈራቸው ተደጋግሞ ሲቃጠል፣ ሰውም ሲሞት፣ ፖሊስ «ሰካራምና ሱሰኛ» እያለ ሲያልፋቸው ሥራውን ራሳቸው ጀመሩት። የንብረት መዝገብ ቤት ሄደው የባለቤትነት ዝውውሩን፣ የብድሩን ምዝገባና የግብሩን ውዝፍ ከቃጠሎው ቀን ጋር አስተያዩት። ተመሳሳይ ስሞች እየተደጋገሙ መጡ። በዚያው ኦክቶበር 1977 የግዛቱ ዐቃቤ ሕግ 33 ሰዎችን ከሰሰ፤ ከተከሳሾቹ መካከል ባለ ሕንፃዎች፣ ጠበቆች፣ የመድን ካሳ ገማቾች፣ የፖሊስና የእሳት አደጋ ባልደረቦች ሳይቀሩ ነበሩበት። ለዚህ ሁሉ መነሻ የሆነው የሰፈሩ ነዋሪዎች ሥራ ነው።

ኒውዮርክም ዘግይታ ሕጓን አጠበቀች። ከቃጠሎ ካሳ ላይ የተወዘፈ ግብር አስቀድሞ እንዲቆረጥ፣ መድን ጠያቂው እውነተኛ ባለቤቱን እንዲገልጽ ተደረገ። እሳቱም በ1980ዎቹ እየበረደ ሄደ። በ1970 ብሮንክስ 1.47 ሚሊዮን ሰው ነበራት፤ በ1980 የቀሯት 1.17 ሚሊዮን ናቸው። ካርተር በቆሙበት ሻርሎት ጎዳና ላይ በኋላ ዘጠና ገደማ አነስተኛ የግል ቤቶች ከነግቢያቸውና ከነአጥራቸው ተሠሩ። ቀድሞ በዚያው መሬት ላይ ባለ አምስትና ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃዎች ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው ቆመው ነበር።