ስለ ግምት፦ ትርጉሙና በነአኩቶ ለአብ ታሪክ ውስጥ ያለው ስፍራ

እንግሊዞች «ፕሪዛምፕሽን» የሚሉት ቃል ከላቲን የተወረሰ ሲሆን መነሻው «አስቀድሞ መውሰድ» ማለት ነው። ቃሉ ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ አንድን ነገር እንደ እውነት ተቀብሎ መነሣትን፣ በሌላ በኩል ያልተሰጠን ሥልጣን ለራስ መውሰድን ያመለክታል። በአማርኛ የመጀመሪያውን «ግምት»፣ ሁለተኛውን «ድፍረት» እንለዋለን። ቀድሞ በየማሳው እየዞሩ የአሥራቱን መጠን የሚወስኑት ሰዎች ገማቾች ይባሉ ነበር። ስለዚህ ግምት አይቶና መዝኖ የሚሰጥ አስተያየት ነው፤ ሳያዩ የሚገምቱት ግን ከድፍረት አይለይም።

ይህን ልዩነት የሕግ ሰዎች በሚገባ ያውቁታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ተወልዶ 48 ሰዓት በሕይወት የቆየ ሕፃን ለመኖር የሚችል ነው ብሎ ይገምታል፤ ይህንን ግምት ማንም በማስረጃ ሊያፈርሰው አይችልም። እንዲሁም ተንቀሳቃሽ ዕቃ በእጁ ያደረገ ሰው ባለሀብት እንደሆነ ይገመታል፤ ይህ ግን በተቃራኒ ማስረጃ ሊፈርስ ይችላል። የማስረዳቱም ሸክም የሚወድቀው በያዡ ላይ ሳይሆን «የእኔ ነው» ብሎ በሚከራከረው ላይ ነው።

አሁን ወደ ላስታ እንመለስ። ከላሊበላ ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከዋሻው ጣራ የሚንጠባጠበው ውሃ በድንጋይ ገንዳ እየተጠራቀመ ለጠበል የሚውልበት የነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። በስፋት የታወቀው ትውፊት፣ የቅዱስ ላሊበላ የወንድም ልጅ የሆነው ይህ ንጉሥ በአቡነ ተክለ ሃይማኖት አማላጅነት ዙፋኑን በፈቃዱ ለይኩኖ አምላክ እንደለቀቀ ይተርካል። ሌላው ትውፊት ግን የመጨረሻው የዛጔ ንጉሥ የላሊበላ ልጅ ይትባረክ እንደነበረና እ.ኤ.አ. በ1270 ገደማ ድል ሆኖ በጋይንት በቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን እንደተገደለ ይናገራል። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት መጽሐፋቸው ይህን ሁለተኛውን ደግፈዋል።

በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ቀላል አይደለም። ዙፋኑ በፈቃድ ተመለሰ የሚለው ትረካ፣ ዛጔዎች የሰው ንብረት በአደራ የያዙ ነበሩ የሚል ግምት በውስጡ ይዟል። የክብረ ነገሥት መደምደሚያም የእስራኤል ዘር ያልሆኑ መንገሣቸውን ከሕግ መተላለፍ ይቆጥረዋል። በሕጋችን ሸክሙ በጠያቂው ላይ ሲሆን፣ በታሪካችን ግን ዙፋኑን የያዘው ወገን ካለፈ በኋላ፣ መልስ ሊሰጥ በማይችልበት ጊዜ፣ ሸክሙ በእርሱ ላይ ተጫነ። ሆኖም ዘራቸው ለንግሥና አይገባም ከተባሉት መካከል ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ላሊበላና ነአኩቶ ለአብ በቅድስና ይከበራሉ፤ ገድልም ተጽፎላቸዋል። ይህ ብቻውን ግምቱ ሊፈርስ ከሚችለው ወገን እንደሆነ ለማሳየት በቂ ነው።

ስለዚህ ተማሪ የሚያስተምር፣ ጎብኚ የሚመራ ወይም ታሪክ የሚጽፍ ባልደረባችን ሁሉ ትውፊቱን በክብር ሊተርክ፣ ግምቱንም ግምት ነው ብሎ ሊናገር ይገባዋል። ማን እንደገመተው፣ መቼ እንደገመተው፣ ከግምቱም ማን እንደተጠቀመ ይጠይቅ። ይህን የማይጠይቅ ታሪክ ጸሐፊ፣ ማሳውን ሳያይ አሥራት የሚቈርጥ ገማች ይሆናል።