ነጥብ የሌለው ስሌት

ባሕር ዳር ውስጥ ፓይተን ሳስተምር ቀድሜ የማስይዘው ነገር አለ፦ ከኪቦርድ የገባ ሁሉ ጽሑፍ ነው። «3.5» ቁጥር የሚሆነው ፍሎት የሚባለው ፈንክሽን አንብቦ ሲቀይረው ነው። ፍሎት የዐረብኛና የሂንዲ አኃዞችን ሳያንገራግር ይቀበላል። «፭» ሲሰጡት ግን መቀየር አልቻልኩም ብሎ ይቆማል። ተማሪዎቼም «የኛን ንቀው ነው» ይላሉ።

ንቀት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የኮምፒዩተር የፊደላት መስፈርት ዩኒኮድ 3.0 የግእዝ አኃዞችን መዝግቧል፤ ከአሥርዮሽ አኃዞች ጎራ ያልገቡት ሥርዓታቸው ሌላ ስለሆነ ነው። ከግሪክ ፊደላት የመጡት እነዚህ ምልክቶች በ4ኛው ክፍለ ዘመን በዒዛና የድንጋይ ጽሑፎች ላይ አሉ። ዜሮ የላቸውም፤ ዋጋቸውም በቦታቸው አይለወጥም። ፲፱፻፹፬ን የሚያነብ ሰው አሥርና ዘጠኝን ይደምራል፣ በመቶ ያባዛል፣ ሰማንያ አራት ያክልበታል። ፍሎት የሚያውቀው ግን የያዘውን በአሥር እያባዛ ቀጣዩን መጨመር ነው።

የግእዝ አኃዝ የአሥርዮሽ ነጥብ ስለሌለው ክፍልፋይ አልነበረም ማለት ግን አይደለም። የዘጌው አጎቴ የዘመን ቀመሩን ባሕረ ሐሳብ ሲያስቆጥረኝ አንዱን ዕለት ለ60 ኬክሮስ፣ አንዱን ኬክሮስ ለ60 ካልዒት ይከፍልልኝ ነበር፤ ከዚያ በታች ሣልሲት፣ ራብዒት እያለ ይወርዳል። በዚህ ቀመር ዓመቱ 365 ዕለት፣ 15 ኬክሮስና 6 ካልዒት ነው። 15ቱ ኬክሮስ በ4 ዓመት አንድ ቀን ሞልተው ጳጉሜን 6 ያደርጓታል፤ 6ቱ ካልዒት ደግሞ በ600 ዓመት አንድ ቀን ይሞላሉ።

ኮምፒዩተር ይህን ዓመት ሲይዝ ግማሹን በልኩ፣ ግማሹን በግምት ነው። 15 ኬክሮስ 0.25 ስለሆነ በሁለትዮሽ ልክ ይገባል። 6 ካልዒት ግን 0.001666… እያለ የማያልቅ ነው፤ የሆነ ቦታ መቆረጥ አለበት። ጽሑፍን ወደ ቅርቡ የሁለትዮሽ ቁጥር በትክክል ማድረስ ራሱ ብዙ አድክሟል፤ ዊልያም ክሊንገርና ዴቪድ ጌይ አስተማማኝ ስልት ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። የጌይ ኮድ ዛሬም ፓይተን ውስጥ ይሠራል።

የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ግን ትርፉን አልቆረጡም፤ ስም ሰጥተው ለብቻው ያዙት። ገንዘብ ወይም ቀን የሚያሰላ ፕሮግራም የሚጽፍ ተማሪዬንም የምመክረው ይህንኑ ነው፦ ወደ ትንሹ መለኪያ ውረድና በሙሉ ቁጥር ቁጠር። ዓመቱ በካልዒት 1,314,906 ነው፤ የሚጠጋጋ ነገር የለውም።