የዙሪኩ መናፈሻና የሰፈሩ ፋርማሲ

ከዙሪክ ዋና ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ከብሔራዊ ሙዚየሙ አለፍ ብሎ፣ ሊማትና ዚል የተባሉት ወንዞች የሚገናኙበት ሹል መሬት አለ። ፕላትስፒትስ ይሉታል። ስዊዘርላንድ በ1883 (ዓመታቱና ቀናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የመጀመሪያውን ብሔራዊ ኤግዚቢሽኗን ያሳየችው እዚህ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ ይኸው መናፈሻ «የመርፌ መናፈሻ» ተብሎ በዓለም ጋዜጦች ታወቀ።

ነገሩ በአንድ ሌሊት የመጣ አይደለም። በ1980 ግንቦት መጨረሻ በኦፔራ ቤቱ ደጃፍ የፈነዳው የወጣቶች ዓመፅ ከተማዋን ለረጅም ጊዜ አመሳት። በዚያው ዘመን ሄሮይን በከተማዋ ተስፋፋ። ፖሊስ ተጠቃሚዎቹን ከአንዱ አደባባይ ሲያባርር በሌላው ይሰበሰባሉ፤ ከዚያም ሲባረሩ ወደ ሦስተኛው ያልፋሉ። በ1986 እና በ1987 ገደማ ፕላትስፒትስ ላይ ሰፈሩ፤ ባለሥልጣናቱም በየመንገዱ ከሚበተኑ አንድ ቦታ ቢሆኑ ይሻላል ብለው አይተው እንዳላዩ አለፉ። በደራበት ወቅት በቀን እስከ 3,000 ሰው ይመላለስበት ነበር። አብዛኛው የዙሪክ ልጅ አልነበረም፤ ከሌላ ከተማና ከገጠር ቀበሌ በባቡር የሚመጣ ነበር።

የመጀመሪያው ትግል ግን ከመናፈሻው በፊት፣ በሐኪሞችና በጤና ሹማምንት መካከል ተካሂዷል። ኤችአይቪ በጋራ መርፌ እየተዛመተ ሳለ፣ በ1985 የዙሪክ ካንቶን (ክፍለ ግዛት) የጤና ኃላፊ ንጹሕ መርፌ ለተጠቃሚ መስጠትን ከለከለ፤ የሰጠ ሐኪም ፈቃዱን ሊነጠቅ ይችላል ተባለ። ወደ 300 የሚጠጉ ሐኪሞች «አንታዘዝም» ብለው በስማቸው ፈረሙ። ከመካከላቸው አንድሬ ዛይደንበርግ የተባለው ወጣት ሐኪም ከዚያ በኋላ ባለው ታሪክ ሁሉ ስሙ አይጠፋም። ክልከላው በዓመቱ ተነሣ። እነዚህ ሐኪሞች የሥራ ፈቃዳቸውን ለአደጋ አጋልጠው ያስመለሱት መርፌውን ብቻ አልነበረም፤ ሱሰኛ እንደ ማንኛውም ታማሚ ሐኪም ፊት የመቅረብ መብት እንዳለውም ነበር።

ከዚያም በ1988 የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሉ ሐኪም ፔተር ግሮብ የመራው የፀረ ኤድስ ፕሮጀክት እዚያው መናፈሻው ውስጥ ሥራ ጀመረ። ቢሮው የመናፈሻው የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ነበር። በመስኮቱ በኩል ያገለገለ መርፌ ይገባል፣ አዲስ መርፌ ይወጣል፤ ሥራ በበዛበት ቀን የሚታደለው ከ10,000 ያላነሰ ነበር። ነርሶቹ ኦክስጅን ይዘው እየሮጡ፣ ከንፈሩ ሰማያዊ የሆነውንና ትንፋሹ የቆመውን ሰው ጭቃው ላይ ተንበርክከው ይመልሱ ነበር። ቁስል ያጥባሉ፣ የጉበት በሽታ ክትባት ይሰጣሉ። ሱሱን ራሱን የሚያክም ነገር ግን በእጃቸው አልነበረም።

የካቲት 5 ቀን 1992 ፖሊስ መናፈሻውን ዘጋው። በሩ ተቆለፈ፣ ሰው ተበተነ፤ የሚሄድበት ግን አልተዘጋጀለትም። በቂ የሕክምና ቦታ አልነበረም፤ ከሌላ ከተማ የመጡትን የትውልድ ቀበሌያቸው መልሶ ለመቀበል ዝግጁ አልነበረም። ሕዝቡ በየሰፈሩ ደረጃና ጓሮ ከተንከራተተ በኋላ፣ ትንሽ ወረድ ብሎ በሊማት ዳር በሚገኘው በሌተን የተተወ ባቡር ጣቢያ፣ በሐዲዱ ላይ እንደገና ተሰበሰበ። ከመናፈሻው የከፋም ሆነ። በዚያው ዓመት በመላ ስዊዘርላንድ በዕፅ ምክንያት የሞቱት ከ400 በላይ ነበሩ።

መድኃኒቱ ግን በእጅ ነበር። ሜታዶንን የጀርመን ኬሚስቶች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማ ጀምሮ ለሕመም ማስታገሻ ሲያዘጋጁት፣ ለሱስ ሕክምና መዋሉን ያሳዩት የኒውዮርኮቹ ሐኪሞች ቪንሰንት ዶልና ማሪ ናይስዋንደር ናቸው፤ ጥናታቸው በ1965 ወጣ። ሄሮይን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከሰውነት ሲለቅ፣ በአፍ የሚወሰድ ሜታዶን አንድ ቀን ሙሉ ይይዛል። ላቡ፣ ቁርጠቱ፣ መንቀጥቀጡ ይቀራል፤ ሰውዬው ሥራ ሊውል፣ ልጆቹን ሊያሳድግ ይችላል። ስዊዘርላንድ በ1975 ሕጓን አሻሽላ ፈቃዱን ለካንቶኖች ሰጠች። ካንቶኖቹ ግን በሩን በጠባቡ ነው የከፈቱት፦ ዕድሜው ያልደረሰ፣ ከዚህ ቀደም ሱስ ለማቆም ሞክሮ ያልወደቀ፣ ሌላ ዕፅ የነካ ሁሉ ይመለስ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ በመላ አገሪቱ ሜታዶን የሚወስደው ሰው አንድ ሺህ አይሞላም።

ኤድስ ይህን ስሌት ለወጠው። ገና ዕፅ እየወሰደ ያለን ሰው «መጀመሪያ አቁምና ና» ብሎ መመለስ ማለት ወደ ሞት መስደድ እንደሆነ ግልጽ ሆነ። እነዛይደንበርግ በ1991 አሩድ የተባለውን ማኅበር መሥርተው፣ በቀጣዩ ዓመት መግቢያው ዝቅ ያለ የሜታዶን ክሊኒክ በዙሪክ ከፈቱ። ቅድመ ሁኔታው ጥቂት፣ ወረፋው አጭር ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአገሪቱ ሜታዶን የሚወስዱት ቁጥር ከ10,000 አለፈ።

የስዊዘርላንድን መንገድ ከአሜሪካ የለየው ግን ከቁጥሩ ይልቅ መድኃኒቱ የሚሰጥበት ቦታ ነው። በአሜሪካ ሜታዶን ለብቻው በተለየ ክሊኒክ ተከልሎ ቀረ፤ ታማሚው በየማለዳው እዚያ መድረስ ነበረበት። በስዊዘርላንድ ግን ከታማሚዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን የያዙት የየሰፈሩ ጠቅላላ ሐኪሞች ናቸው፤ መድኃኒቱን የሚሰጠው ደግሞ ጉንፋን ላለበትም የደም ግፊት ላለበትም የሚሰጠው ያው ፋርማሲ ነው። ጠዋት ሰውዬው ይገባል፣ ፋርማሲስቷ በስሙ ሰላም ትለዋለች፣ የተለካውን ፈሳሽ በትንሽ ብርጭቆ ፊቷ ቆሞ ይጠጣል። ወራት አልፈው ነገሩ ሲረጋጋ የቅዳሜና የእሑዱን፣ ቆይቶም የሳምንቱን መጠን ስሙና ቀኑ በተጻፈበት ጠርሙስ ይዞ ይሄዳል። ክዳኑ ሕፃን እንዳይከፍተው ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ለለመደ አዋቂ የአንድ ቀን መድኃኒት የሆነው መጠን ላልለመደ ሕፃን ገዳይ ስለሆነ።

ይህ ስጋት እውነተኛ ነውና ማቃለል አይገባም። በእንግሊዝና በስኮትላንድ ሜታዶኑ በክትትል ሥር እንዲጠጣ መደረግ ከጀመረ በኋላ፣ ከታዘዘው መጠን አንፃር የሚሞተው ሰው ቢያንስ በአራት እጥፍ መቀነሱን በ2010 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ሌላው ወገንም እውነት አለው። በየቀኑ ክሊኒክ መመላለስ ያለበት ሰው የጠዋት ፈረቃ አይገባም፣ የታመመች እናቱን ሊጠይቅ ራቅ ወዳለ ከተማ አይሄድም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2009 መመሪያው፣ የመመላለሱ መቀነስ የሚያስገኘው ጥቅም መድኃኒቱ ወደ ሌላ እጅ ከመግባቱ አደጋ ሲበልጥ ቤት የሚወሰድ መጠን ሊሰጥ እንደሚችል ጽፏል። የዙሪክ ሐኪሞች ልምድ የሚያሳየው ይህን ሚዛን መመዘን ያለበት ታማሚውን በስሙ የሚያውቀው ሰው መሆኑን ነው።

ጄኔቫ ሌላ ታሪክ አላት። ኢትዮጵያውያን ይህችን ከተማ የሚያስታውሷት ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ 1936 በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ባደረጉት ንግግር ነው። በዚያው ማኅበር ዘመን፣ በየካቲት 1925፣ የዓለምን የኦፒየም ንግድ የሚቆጣጠር ስምምነት የተፈረመውም በዚያው ነበር። ጄኔቫ የቁጥጥሩ ሕግ የተጻፈባት ከተማ ሆና ሳለ፣ ከሰባ ዓመት በኋላ ሐኪሞቿ ሄሮይንን ራሱን በሐኪም ትእዛዝ መስጠት ጀመሩ።

ይህ የሄሮይን ሕክምና ሙከራ በፌዴራል መንግሥት ፈቃድ በ1994 መጀመሪያ በዙሪክ ተከፈተ። ለዓመታት የከተማዋን የማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የመሩት ኤሚሊ ሊበርሄር ሐሳቡን ሲሟገቱለት ኖረዋል፤ ጥናቱን የመራው የሥነ አእምሮ ሐኪሙ አምብሮስ ኡኽተንሃገን ነው፤ በፌዴራል ደረጃ ደግሞ ሩት ድራይፉስ፣ በኋላ በ1999 የአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት የሆኑት፣ ፖለቲካዊውን ክብደት ተሸከሙ። በጄኔቫ የሱስ ሕክምናውን ክፍል ትመራ የነበረችው አኒ ሚኖ መጀመሪያ ተቃዋሚ ነበረች፤ የዓለምን ጥናቶች እንድትመረምር ተጠይቃ ካነበበች በኋላ ሐሳቧን ለወጠች።

የጄኔቫው ጥናት ትንሽ ቢሆንም በአሠራሩ ጥብቅ ነበር። ሌላ ሕክምና ያልሠራላቸው 51 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፦ 27ቱ ወዲያው ሄሮይን በሐኪም ክትትል ያገኛሉ፣ 24ቱ ስድስት ወር ይጠብቃሉ፤ እስከዚያ የተለመደውን ሕክምና፣ በአብዛኛው ሜታዶን፣ ይወስዳሉ። በ1998 በብሪታኒያ የሕክምና መጽሔት የወጣው ውጤት፣ ከመጀመሪያው ቡድን በየቀኑ የመንገድ ሄሮይን የሚወስድ አንድ ሰው ብቻ ሲቀር ከሁለተኛው 10 መቅረታቸውን ያሳያል። ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው የጠባቂዎቹ ነገር ነው፤ ተራቸው ሲደርስ ሄሮይኑን የፈለጉት ከ24ቱ 9 ብቻ ነበሩ። «በሩን ከከፈትን ሁሉም ይጎርፋል» ይል ለነበረው ፍርሃት ከዚህ የተሻለ መልስ ማግኘት ይከብዳል።

ሌተን የካቲት 14 ቀን 1995 ሲዘጋ ነገሩ እንደ 1992ቱ አልሆነም። በዚህ ጊዜ የሜታዶንና የሄሮይን ሕክምና ቦታ ነበር፣ ዕፅ በክትትል ሥር የሚወሰድበት ክፍል ነበር፣ ወደ ትውልድ ቀበሌው የሚመለሰውን የሚቀበል ነበር። የሚበተነው ሰው መግቢያ ስለነበረው ሕዝቡ ሌላ ቦታ አልተከማቸም። መራጩ ሕዝብም ይህን አይቷል፤ ጥብቅ ክልከላ የጠየቀውን ሐሳብ በ1997 ከ70 በመቶ በላይ ጣለው፣ የሄሮይን ሕክምናውን በ1999 በ54 በመቶ፣ የተሻሻለውን ሕግ በ2008 በ68 በመቶ አጸደቀ። በዙሪክ በ1990 ሄሮይን የጀመሩት 850 ገደማ ሲሆኑ፣ በ2002 ወደ 150 ወርደው ነበር።

የኮቪድ ወረርሽኝ በ2020 ሲመጣ ቤት የሚወሰደው መድኃኒት ጥያቄ እንደገና ተነሣ። በሄሮይን ሕክምና ላይ ያለ ሰው እስከዚያ ቢበዛ የሁለት ቀን መጠን ነበር የሚይዘው፤ የፌዴራሉ መንግሥት በበሽታው ይበልጥ ለሚጎዱት እስከ ሰባት ቀን ፈቀደ። አሜሪካም በዚያው መጋቢት ለተረጋጉ ታማሚዎች እስከ 28 ቀን የሚሆን ሜታዶን ፈቅዳ፣ በ2024 ደንቡን ቋሚ አደረገችው። በአህጉራችን የታንዛኒያው ሙሂምቢሊ ሆስፒታል ሜታዶን መስጠት የጀመረው በ2011 ነው፤ እዚያም የዕለት ምልልስ ከባድ ሸክም ነው። በዳሬሰላም አውቶቡስ በየማለዳው የሚሳፈር ሰው የሚከፍለው ትራንስፖርት ብቻ አይደለም፣ የቀን ሥራውንም ነው። የዙሪክ ልምድ ለዚህ ሰው የሚሰጠው ትምህርት መድኃኒቱ ወደ ሰፈሩ ሊቀርብለት እንደሚችል ነው።

በጄኔቫ ኮርናቫን ጣቢያ ጀርባ በ2001 መጨረሻ የተከፈተው ኬ 9 የተባለው የዕፅ መጠቀሚያ ክፍል ዛሬም ይሠራል። በ2023 ግን ክራክ የሚባለው የሚጨስ ኮኬይን ከተማዋን አጥለቅልቆ፣ ሠራተኞቹ በግጭቱ ብዛት ክራክ አጫሾችን መቀበል ለጊዜው አቆሙ። በዚያው ዓመት በዙሪክም የአንድ ማዕከል መዘጋት ተጠቃሚዎችን ወደ አንድ የሰፈር መናፈሻ ገፋቸው፤ ከተማው በኅዳር በካዘርነ ግቢ ጊዜያዊ ማዕከል ከፈተ። ሜታዶን ለኮኬይን አይሠራም፤ እስካሁንም ቦታውን የሚተካ መድኃኒት አልተገኘም። ሐኪሞቹ አሁን የሚከራከሩት ለክራክ አጫሹ ምን ይሰጥ፣ የትስ ይሰጥ በሚለው ነው።